በማን ስንዝር

መስከረም ሲጠባ መጀመሪያ ወደ ውጭ የማወጣው የሹራብ ክሬን ነው። ሌላው ሰው ፍራሹንና ብርድ ልብሱን ፀሐይ ያስመታል፤ እኔ ክረምቱን ሙሉ በማዳበሪያ ታስሮ እርጥበት የጠጣውን ክር አጥሩ ላይ አሰጣለሁ። ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ከአሮጌ ሹራብ ተተርትሮ የተጠማዘዘው፣ ሁሉም አጥሩ ላይ ይንጠለጠላል። እንጅባራ ክረምቱ ቶሎ አይለቅም። አንዳንድ ቀን ደመናው ከሄደበት ይመለስና ያሰጣሁትን እየተጣደፍኩ እሰበስባለሁ። ጎረቤቶቼ የሷ አጥር ከአደይ ቀድሞ አበበ እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ብርዱ ሲመጣ የልጆቻቸውን ኮፍያ ከማን ቤት እንደሚያገኙ ያውቃሉ።

እጄ ሥራ ሲፈታ አልወድም። ክርና ቁልፍ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ እዚያው ሹራብ እሠራለሁ። ባጃጅ ላይም እሠራለሁ፣ ሚኒባስ እስኪሞላ ስጠብቅም እሠራለሁ። የማልሠራው ቤተ ክርስቲያንና ለቅሶ ቤት ብቻ ነው፤ እዚያም ቢሆን ጣቶቼ ነጠላዬ ሥር ዝም አይሉም። አንዴ አንዷ ጎረቤቴ በተዝካር ላይ ክርኔን ነካ አድርጋ አስቁማኛለች።

ታዲያ የሰውን ሹራብ ሁሉ የምሠራ ሴት፣ የአባቴን ሹራብ ግን አልነካም ብዬ ድርቅ አልኩ። እናቴ የጀመረችው ነው። ራሷ ከፈተለችው ግራጫ የበግ ጸጉር ነበር የምትሠራው፤ ደረቱንና ጀርባውን ጨርሳ፣ አንገቱን ዘግታ፣ ቀኝ እጅጌውን ከትከሻ ወደ ታች ጀምራ ክርን ሳትደርስ ታመመች። ከዚያ በኋላ አልተነሣችም። ሹራቡም መርፌው እንደተሰካበት ጥርባ ሐይቅ አጠገብ ባለው የአባቴ ቤት በከረጢት ሆኖ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

እናቴን አንቺ እያልኩ ነው ያደግሁት፤ አባቴን ግን አንቱ ነው የምለው። እሷ ካረፈች በኋላ የመጀመሪያው ጥቅምት ሲገባ አባቴ ከረጢቱን አውርደው፣ ይህችን ነገር ጨርሽልኝና ልልበሳት አሉኝ። እሺ አልኳቸው። በሄድኩ ቁጥር ይጠይቃሉ፣ በሄድኩ ቁጥር እሺ እላለሁ። አንዴ ሱቅ በዛብኝ፣ አንዴ ጾም ነው፣ አንዴ ዓይኔን አመመኝ። ይልቅ ሌላ ሹራብ ሠርቼ ወሰድኩላቸው። ወፍራም፣ ሞቃት፣ ጥሩ ሹራብ። መርቀው ተቀበሉኝ፣ ለበሱትም፤ ከረጢቱን ግን መልሰው ሰቀሉት።

ሰበብ ከተፈለገ ሰበብ ነበረኝ። የእናቴ እጅ ልል ነው፤ የእኔ ደግሞ ጠበቅ ይላል። አንድ መደዳ ብጨምርበት እዚህ ላይ እሷ አቆመች፣ እዚህ ላይ ልጅቷ ቀጠለች ብሎ ማንም ይናገራል። አቆጣጠራችን እንኳ አይገናኝም። እሷ መርፌው ላይ የተደረደሩትን የክር ዓይኖች በለሆሳስ በአዊኛ ነበር የምትቆጥረው። እኔ የከተማ ትምህርት ቤት ልጅ ስለሆንኩ በአማርኛ እቆጥራለሁ። በአዊኛ ልቁጠር ብል ሃያ ላይ ስደርስ ይጠፋብኛል፤ ስትቆጥር እየሰማሁ አድጌ!

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሹራቡ መርፌ ላይ እስካለ ድረስ እናቴ ሥራዋን አስቀምጣ ለአፍታ ወደ ጓሮ የወጣች ነው የሚመስለኝ። እኔ ከጨረስኩት ግን አለቀ። አባቴ ሊለብሱት ፈለጉ፣ እኔ ደግሞ እንዳያልቅ ፈለግሁ። በመካከላችን የነበረው ነገር ይኸው ነው፤ ሁለታችንም አፍ አውጥተን አልተናገርነውም።

ግቢዬ ውስጥ የእጅ ሥራ መለዋወጥ የጀመርነው እናቴ ባረፈች በዓመቱ ነው። ቤቱ ጭር ሲልብኝ ነው የጀመርኩት፣ ምን እደብቃለሁ። ሴቶቹ ስሙን ልዋጭ አሉት፤ ያ ሰፈር ለሰፈር ልዋጭ እያለ በአሮጌ ጫማ የፕላስቲክ ሳፋ የሚቀይረው ሰውዬ እንደሚለው። እያንዳንዷ በእጇ የሠራችውን ይዛ ትመጣለች፣ ሰሌኑ ላይ ታስቀምጣለች፣ የሌላዋን ይዛ ትሄዳለች። ብር የሚባል ነገር አይነሣም። የማን ሥራ እንደሆነም ሁሉም መርጦ እስኪጨርስ አይነገርም፤ አለዚያማ የሀብታሟ ጨርቅ ቀድሞ ይነሣና የድሃዋ ይቀራል። ለተራው ክር በጭብጤ ይዤ አስመዝዛለሁ፤ ረጅሙን የመዘዘች ቀድማ ትመርጣለች። እኔ አዘጋጇ መጨረሻ ነኝ፣ የተረፈውን ነው የምወስደው። ስስታም እንዳልባል ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔው ነኝ።

ከፋሲካ ወዲህ ደግሞ የጅምር ጥግ የሚባል ነገር ጨመርኩ። አልጋዋ ሥር ጅምር ያልደበቀች ሴት አላየሁም። አንዷ ዳንቴሉን ግማሽ ላይ ሰልችቷታል፣ አንዷ ወልዳ ጊዜ አጥታለች። ጅምሩን ያነሣች ጨርሳ ለባለቤቱ ትመልሳለች፤ ባለቤቱ ደግሞ በምትኩ ሌላ ያለቀ ሥራ ይሰጣል። ሐሳቡ በጣም ነበር የወደድኩት። ጥርባ ሄጄ ለአባቴ አፌን ሞልቼ አወራሁላቸው። እንግዲህ ሰው የጀመረው ነገር ተንጠልጥሎ መቅረቱ አበቃ ብዬ። ከረጢቱ ከጭንቅላቴ በላይ ተሰቅሎ ይህን ማውራቴ ዛሬም ይገርመኛል። አባቴ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

ከመስቀል ቀጥሎ በነበረው እሑድ ልዋጭ ነበር። ፀሐይዋ ደህና ወጥታ ነበር፤ አደዩ መርገፍ ጀምሯል፣ ጭቃው ደርቋል። ሴቶቹ ሰሌኑ ዙሪያ ተቀምጠዋል። በአለላ የተሰፋ ሙዳይ አለ፣ የትራስ ጥልፍ አለ፣ የሕፃን ካልሲ አለ። ሁልጊዜ እንደማደርገው ሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ከወዲያ ወዲህ እላለሁ። ይህን ጊዜ አባቴ ኩታቸውን አጣፍተው በበሩ ገቡ። በእጃቸው አዲስ የቀርከሃ ቅርጫት ይዘዋል።

ልዋጭ ላይ መጥተው አያውቁም፤ የሴቶች ነገር ነው ይሉ ነበር። ሴቶቹ ተነሡላቸው፣ ወንበር አመጣሁ። ቅርጫት ይሠራሉና ሊለውጡት ነው ብዬ ደስ አለኝ። እሳቸው ቅርጫቱን ሰሌኑ ላይ አስቀመጡ፣ ውስጡ እጃቸውን ሰደዱና ከረጢቱን አወጡ። ከዚያ ቀስ ብለው ሄደው ከረጢቱንም ቅርጫቱንም የጅምሩ ጥግ ላይ አኖሩ። ያን ጊዜ ነው ቅርጫቱ ለሚጨርስላቸው ሰው የሚሰጡት ምትክ መሆኑ የገባኝ።

ጠጋ ብዬ በጆሯቸው፣ "አባባ፣ እዚህ ከተቀመጠ እኮ ሌላ ሰው ነው የሚወስደው" አልኳቸው።

"አውቃለሁ። አንቺው ነሽ የነገርሽኝ" አሉ፤ ድምፃቸውን እንኳ ዝቅ አላደረጉም። "በቁሜ ልልበሰው እንጂ፣ ልጄ።"

ሴቶቹ ይጠብቃሉ። ክሩን በጭብጤ ይዤ ዞርኩ። የመጀመሪያዋ ሙዳዩን አነሣች፣ ተመስገን አልኩ በሆዴ። ሁለተኛዋ ካልሲውን አነሣች። ሦስተኛዋ ከዳንግላ በሚኒባስ የምትመጣ ሴት ናት፤ ትልቅ ሰውነት ያላት፣ ሳቂታ፣ እጇ ሰፌድ የሚያህል። በዚያ እጅ እንዴት ያን ቀጭን ዳንቴል እንደምትሠራ ሁላችንም ይገርመናል። ሰሌኑን አልፋ በቀጥታ ወደ ጅምሩ ጥግ ሄደች። ከረጢቱን ፈታች፣ ሹራቡን አወጣች፣ ክሩን በጣቶቿ መካከል አሸት አሸት አደረገችው። እንዲህ ያለ ፈትል ካየሁ ቆየሁ አለችና ደረቷ ላይ ያዘችው።

አፌን ከፈትኩ። ልከለክላት ነበር፣ አልዋሽም። ሕጉ የራሴ፣ ግቢው የራሴ፣ ቀና ስል አባቴ ትክ ብለው ያዩኛል። አፌን ዘጋሁ። ሴትዮዋ ምን አጠፋች? ምንም። እኔ ግን በዚያች ሰዓት የዓለም ክፉ እሷ ሆና ታየችኝ።

ሁሉም መርጦ ሲያልቅ የማን እንደሆነ ተነገረ፤ አባቴ የሟች ባለቤቴ ጅምር ነው አሉ። ሴትዮዋ ሳቋ ጠፋ። ነፍስ ይማር ብላ አጠገባቸው ተቀመጠችና የእጅጌውን ልክ ጠየቀቻቸው። እናቴ ሜትር የሚባል ነገር ይዛ አታውቅም፤ በስንዝር ነበር የምትለካው። በየዓመቱ አንድ ሹራብ ስለምትሠራላቸው የአባቴን ልክ ቤተሰቡ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። አባቴም ኮራ ብለው፣ ከብብት ወደ ታች ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት ነው አሏት። እሷም ራሷን ነቀነቀች። እኔ ሜትሩ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ፣ በኩርፊያ ፊቴን አዙሬ ሰሌን እጠቀልል ነበር። ለእኔ የተረፈልኝ አንዱ ከአንዱ የሚበልጥ ካልሲ ነው። ያንንም ማን እንደሠራው ሳልጠይቅ ይዤ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ኮርፌ ነበር። ለአባቴ አልደወልኩላቸውም። እሳቸው ግን ይደውላሉ፤ ኔትወርክ ፍለጋ ዳገቱ ላይ ወጥተው ነው የሚደውሉት፣ ነፋሱ ይሰማኛል። ሰላም ካሉኝ በኋላ ያቺ የዳንግላዋ ሴት ምን አለች ይላሉ። ምንም አላለች እላቸዋለሁ። ጥቅምት ገባ፣ የጠዋቱ አመዳይ ሣሩን ነጭ ማድረግ ጀመረ። አንድ ጠዋት እንደልማዳቸው ሲደውሉ ሳል ያዛቸው፤ ሳሉ አልለቃቸው ብሎ ስልኩ ተቋረጠ። ስልኩን ይዤ ሱቄ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። አባቴ ለሁለት ዓመት የለመኑኝ አንድ ነገር ነው፤ እኔ ግን የሟቿን መርፌ ስጠብቅ በቁማቸው ያሉትን ሰውዬ ረሳሁ። ከኩርፊያዬ የወጣሁት ያን ቀን ነው።

ሴትዮዋ አልቋል ብላ ስትደውል አባቴን ይዤ ዳንግላ ወረድኩ። በሚኒባሱ መስኮት የኑጉ ማሳ ቢጫ ለብሶ ይታያል። አባቴ ጢማቸውን ተላጭተዋል። ዳንግላ ስንደርስ ጋሪ ያዝን፤ ፈረሱን አይተው ሰኮናው መታየት አለበት ብለው ከባለጋሪው ጋር እስከ ሴትዮዋ በር ድረስ ተከራከሩ። ደስ ሲላቸው ሰው ይመክራሉ።

ሴትዮዋ ሹራቡን ንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርግታ ጠበቀችን። ቅርጫቱንም ከጎኑ አስቀምጣዋለች። እኔ ዓይኔ የሮጠው ወደ ቀኙ እጅጌ ነው። እናቴ ያቆመችበትን ቦታ በጣቴ ፈለግሁ። ከክርን ከፍ ብሎ አገኘሁት፤ ለማያውቅ አይታይም፣ ለእኔ ግን ታየኝ። ከዚያ በታች ያለው የሌላ ሰው እጅ ነው። ያስጠላኛል ብዬ የፈራሁት ቦታ ምንም አላለኝም። እንዲያውም እጅጌው ላይ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የተቀመጠ መሰለኝ፤ ሴትዮዋንም አቅፌ ሳምኳት። እሷ ግራ ገባት።

አባቴ ኩታቸውን አውልቀው ለበሱት። ደረቱ ሰፋቸው፤ እናቴ የሠራችው ያኔ ለነበሩት ሰውዬ ነው፣ ከእሷ በኋላ ከስተዋል። ይህስ ይሁን፣ ከሥር ይደረብበታል። እጅጌው ግን ጉድ ነበር። ወደ ታች ወርዶ፣ አንጓቸውን አልፎ፣ ጣቶቻቸውን ውጦ ተንጠለጠለ። አባቴ ክንዳቸውን አንሥተው እጃቸውን ቢፈልጉ አጡት።

ሴትዮዋ ደነገጠች። የነገሩኝን ነው የሠራሁት፣ ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት ነው እያለች መዳፏን እጅጌው ላይ ዘረጋችው። ያን ሰፌድ የሚያህል መዳፍ። ልክ ነው፣ ስንዝሯ ሁለት ጊዜ በትክክል ገባ። ከዚያ ቀና ብላ አየችን፣ አፏን ያዘች።

"በማን ስንዝር ነበር ግን?" አለች።

ሦስት አዋቂ ሰው ተቀምጠን ይህችን አልጠየቅንም! አባቴ የሚያውቁት ስንዝር አንድ ብቻ ነው፣ የእናቴ። ሌላ ስንዝር በዓለም ላይ ያለ አልመሰላቸውም። መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ረጅሙን እጅጌ እያወዛወዙ ሳቁ፣ እኛም ተከተልን፣ ሴትዮዋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ሳቁ ሲበርድ እጅጌውን ላሳጥረው ብዬ ከቦርሳዬ ሜትሬን አወጣሁ። አባቴ እጄን መለሱት። ሜትር አልፈልግም አሉ። እናትሽ የምትሠራው እጅጌ ከአንጓዬ አለፍ ይላል፣ ብርድ ሲሆን ጣቶቼን እሸሽግበታለሁ፣ በሷ ልክ ነው የምፈልገው አሉ። ጨነቀኝ። የእናቴ ፎቶ አለን፣ ነጠላዋ አለን፣ መርፌዎቿ አሉን። እጇን ግን ለክቶ ያስቀመጠ ሰው የለም።

አባቴ የሹራቡን እጅጌ እስከ ትከሻቸው ሰብስበው ራቁት ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። አውራ ጣቷን እዚህ ብብቴ ሥር ታደርጋለች አሉ። ትንሿ ጣቷ እዚህ ላይ ታርፋለች። ከክርናቸው ከፍ ብሎ ድሮ ለከሰል ዲከረንስ ዛፍ ሲቆርጡ መጥረቢያ የነካቸው ጠባሳ አለ፣ እሱን ነው ያሳዩኝ። በየዓመቱ ስትለካቸው እዚያው ቦታ ላይ ስታርፍ ነው የኖረችው። ለካ የእጇ ልክ እሳቸው ክንድ ላይ ነበር።

አውራ ጣቴን ብብታቸው ሥር አደረግሁ። መዳፌን ዘረጋሁ። ትንሿ ጣቴ ጠባሳው ላይ አረፈች። እንደገና ከጠባሳው ጀምሬ ዘረጋሁ፣ አራት ጣት ጨመርኩ፣ አንጓቸውን አለፍ አልኩና ቆምኩ። አባቴ እጄን ይዘው አዩት። አገላብጠው አዩት።

"ያው ነው" አሉ። ቀጥለውም፣ "ታዲያ ይህ እጅ እቤታችን እያለ፣ ዳንግላ ድረስ ምን አመጣን?"

እዚያው በርጩማው ላይ ተቀምጬ የሴትዮዋን ትርፍ ተረተርኩ፣ ጠባሳውና አንጓው የነገሩኝ ቦታ ላይ ስደርስ ዓይኖቹን አንድ በአንድ መርፌዬ ላይ ሰበሰብኩ። ስቆጥር ሳላስበው በአዊኛ ጀመርኩ። ሃያ ላይ ስደርስ እንደልማዴ ጠፋብኝ፤ አባቴ ካቆምኩበት ቀጠሉልኝ።